በቆሎው እስኪደርስ

ቤቱ መጀመሪያ የታየው ክረምቱ ሲገባ ነው። በቆሎው ከጉልበት አልፎ ወደ ወገብ ሲጠጋ፣ ፍሬሰላም ከአሰንዳቦ ወጣ ብሎ ባለው የመኪና መንገድ ዳር ቆማ ማሳውን ቁልቁል ስታይ፣ መሐሉ ላይ ክብ ሆኖ የጠቆረ ነገር ታያት። የደመና ጥላ መሰላት። ደመናው አለፈ፣ ጥላው ግን አላለፈም። ክቡ ውስጥ ያለው በቆሎ ከሌላው በክንድ ይረዝማል፤ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ አረንጓዴነቱም ወደ ጥቁር ያደላል። በምሥራቅ በኩል ብቻ ክቡ ይከፈታል። እዚያ ጋ፣ አንድ ሰው በሚያስገባ ስፋት፣ በቆሎው ቀጭንና ቢጫ ነው፤ የተረገጠ አፈር ላይ የበቀለ ይመስላል።

«ቤት ነው» አላት ሱሌይማን። «በሩም ያውልሽ።»

ሱሌይማን የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ነው፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ በሞተር ሳይክል ከማሳ ማሳ የሚዞር፣ ያለ ቀልድ ሰላምታ የማይሰጥ ሰው። ፍሬሰላምን «ዶክተር» ይላታል። ዶክተር እንዳልሆነች፣ ውጭ አገር የተማረችው የአፈርና የሰብል ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ብቻ እንደሆነ ነግራዋለች፤ አልተወም።

ማሳውን ለሁለት የከፈለችው ራሷ ናት። የቀጠራት ፕሮጀክት ሐሳቡ ቀላል ነበር። የአካባቢው ገበሬ በቆሎውን በትኖ ይዘራል፣ ማዳበሪያውን በአንድ ጊዜ ይደፋዋል ወይም ጭራሽ አይጨምርም፣ አረሙን ዘግይቶ ያርማል፤ ምርቱ በገባ ሰሞን ደግሞ ከጅማ መርካቶ ለሚመጡ ነጋዴዎች በርካሽ ይሸጥና ክረምት ላይ መልሶ በውድ ይገዛል። ይህን በስብሰባ ሲነግሩት ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ስለዚህ በገበሬው በራሱ ማሳ፣ በራሱ እጅ፣ ጎን ለጎን ይታይ ተባለ። ግማሹ እንደ ልማዱ ይዘራል፣ ግማሹ በመስመር፣ በተመረጠ ዘር፣ ማዳበሪያው በሁለት ጊዜ ተከፍሎ። ሲደርስ፣ የመስክ ቀን በሚባለው በዓል፣ ሁለቱም ይመዘናሉ፣ ወጪው ይቀነሳል፣ ጎረቤቱና የፕሮጀክቱ እንግዶች መጥተው ያያሉ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ካለ ከዐይኑ ጋር ይከራከር።

መሬቱን የሰጠው ኤርሲዶ ነው። በወጣትነቱ ከሀድያ ለቡና ለቀማ መጥቶ በዚያው የቀረ፣ ዝምተኛ፣ የጸሎት ቤቱን ጣሪያ በየዓመቱ በነጻ የሚጠግን ሰው። መንገድ ዳር ስለሆነ ሰው ያየዋል ብሎ ይህን መሬት ራሱ መረጠ። ፍሬሰላም ሲባጎውን ከዳር ዳር ስትወጥር ሌላኛውን ጫፍ ይዞ የቆመው እሱ ነበር። ገመዱ በቤቱ ወለል መሐል ሲያልፍ ጫፉን ጠበቅ አደረገው።

«የማን ቤት ነው?» አለች ፍሬሰላም።

ሱሌይማን ሞተሩን አጠፋ። የአጵሎስ ነው አለ፤ የኤርሲዶና የታቢታ የበኩር ልጅ። ጎጆውን የሠራው ሊያገባ ነበር። ከዚያ ሐሳቡን ለወጠ፤ አባቱ ሁለቱን በሬዎች ሸጦለት፣ እንደ እኩዮቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ጀመረ። ልጁ ከሄደ በኋላ ጎጆው ሰው ሳይገባበት ቆየ፤ በጎች ይታጎሩበት ነበር፤ ይህን በቆሎ ያጠቆረውም እሱ ነው፣ የበግ ፍግና የምድጃ አመድ። ሚያዝያ ላይ ኤርሲዶ አፈረሰው። ለሚስቱ ምስጥ በልቶታል አላት።

«አልበላውም?»

«ምስጡስ የትም አለ» አለ ሱሌይማን። መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየ። «ልጁ ሞቷል፣ ዶክተር። እናቱ አልሰሙም።»

ወሬውን ያመጣው አብሮት የሄደ የሰፈር ልጅ ነው። ከመንገድ ተመልሶ፣ አጵሎስ ጫካ ውስጥ በወባ ታሞ እንደ ሞተ፣ አፈር ያለበሰውም እሱ ራሱ እንደሆነ ለኤርሲዶ ለብቻው ነገረው። ኤርሲዶ ያን ዕለት ቤቱ አልገባም። ሼህ ጅብሪል ዘንድ ሄደ። ሼህ ጅብሪል የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሙስሊሙም ጴንጤውም ሲጣላ የሚዳኘው እሳቸው ደጅ ነው። ኤርሲዶ አንድ ነገር ብቻ ለመናቸው። ጎተራው ባዶ ነው። መርዶ ከተነገረ ዘመዱ ከሆሳዕና በኩል ተጭኖ ይመጣል፣ ይሰነብታል። ለቀስተኛው የሚቀምሰው ካጣ፣ ልጄ በረሃብተኛ ቤት ተለቀሰለት ይባላል። በቆሎው እስኪደርስ ይቆይልኝ አለ።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እሺ አሉት። እንግዳ ነገር አልነበረም፤ መርዶ እህል እንዲጠብቅ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ሲነገርም በልማዱ ይነገራል፤ ማለዳ፣ የሞተበት ሰው ምንም ሳይቀምስ፣ በሽማግሌ አፍ። ለታቢታ፣ አጵሎስ አንድ ድንበር ላይ ተይዞ ታስሯል፣ ስልክ ከልክለውታል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ምላሱን ነክሶ ይኖራል።

ፍሬሰላም የራሷን እናት ሞት የሰማችው በስልክ ነው። ውጭ አገር ሳለች ባቡር ስትጠብቅ ነበር፤ ወንድሟ ከጅማ፣ ከሄርማታ ሰፈር ደውሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገራት፣ ባቡሩ መጣ፣ ተሳፈረች። ቆማ እንደሄደች ትዝ ይላታል፤ መቀመጫ ነበር፣ ግን አልተቀመጠችም። ያኔ ሰው ቢደብቃት ኖሮ ይቅር ትለው እንደሆነ አታውቅም።

«ኦና መሬት ከዩሪያ ይበልጣል» አለ ሱሌይማን ሞተሩን እያስነሳ። «ይህንን ግን እንግዶችሽ ፊት አታውሪው፣ ማሎ፣ እባክሽ።»

*

በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ቁመት ትለካለች፣ ተምች እንዳለ ቅጠል ገልጣ ታያለች፣ አረሙ በጊዜው መነሳቱን ትቆጣጠራለች። በመስመር የተዘራው ግማሽ ያምር ነበር። በብተና የተዘራው ግማሽ እንደተጠበቀው ከሳ፣ ተነባበረ፤ ክቡ የሚያልፍበት ቦታ ብቻ ግን ከመስመሩ ጋር እኩል ቆመ። የቤቱ ግማሽ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሆኖ፣ የዘረጋችውን ገመድ እንደሌለ ቆጥሮት ነበር።

ማሳውን አውሬ አልማረውም። ከርከሮ ከወንዙ በኩል እየገባ ዳር ዳሩን ሰበረው፤ ጃርትም ሥሩን ቆፈረ። ክቡን ግን አልነኩትም። ኤርሲዶ የሚጠብቅበትን ማማ የሠራው ፊቱን ወደ ወንዙ፣ ጀርባውን ወደ ቤቱ አድርጎ ነው። አንድ ቀን ፍሬሰላም ማማውን ቢያዞሩት ማሳው በሙሉ ይታይዎት ነበር ብትለው፣ ይታየኛል አላት። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ሳትጠይቀው፣ ሲያስል እሰማዋለሁ አለ። ልጅ ሆኖ ጀምሮ ደረቱ ደካማ ነበር፣ ጉም ሲወርድ ያስላል አለ። ጃርት ይሆናል አለችው። ጃርትም እንደ ሰው ያስላል ብላ ጨመረች፤ ጃርት እንዴት እንደሚጮህ ግን አታውቅም ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ በወጣበት ቀትር፣ እሷም ሰማችው። መስመሮቹ መሐል ገብታ ዛላ እያየች ነበር። ነፋስ አልነበረም። ክቡ ውስጥ ቅጠሎቹ ተንቀሳቀሱ፣ ከዚያ አንድ ሳል፣ ደረቅና አጭር። ፍሬሰላም ባለችበት ቆመች። ቅጠሉን በእጇ ገልጣ ስታይ መሬት ላይ የተቀመጠች ሴት አየች። ታቢታ ናት። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጥፋ አስቀምጣለች።

«ግቢ፣ ግቢ» አለቻት ታቢታ፣ በር ላይ ለቆመ እንግዳ እንደሚባለው።

ፍሬሰላም ገባች። ታቢታ አጠገቧ መሬቱን በእጇ ጠራረገችላት። አልጋው እዚህ ነበር፣ ምድጃው እዚያ ጋ፣ ጊታሩን የሚሰቅለው ያ ትልቁ በቆሎ ያለበት ጋ እያለች አሳየቻት። ለመዝሙር የገዛው ጊታር ነው፤ ሲሄድ ለጸሎት ቤቱ ሰጠው። ጎጆው ሲፈርስ አላለቀሰችም፤ ሲመለስ በቆርቆሮ እንሠራለታለን ብሏታል ኤርሲዶ። ግን ቤቱ ራሱ ተመልሶ መጣ፤ አየሽ፣ በሩ ሳይቀር በቦታው ነው አለች። አንድ በቆሎ ላይ ሦስት ዛላ አሳየቻት።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ የዚህ ሰፈር ሰው አይደለሽም። ሰው ሁሉ 'የአጵሎስ እናት' ነበር የሚለኝ። ከተወለደ ጀምሮ ሌላ ስም የለኝም። ከሚያዝያ ወዲህ 'ታቢታ፣ ታቢታ' ይሉኛል። ገበያም፣ ጸሎት ቤትም። ሼህ ጅብሪል ሳይቀሩ። ምን አድርጌያቸው ነው?»

ፍሬሰላም ዛላው ላይ ያለውን ጸጉር በጣቷ ነካካች። «አላስተዋሉም ይሆናል» አለች።

«እስር ቤት ስልክ አያስገቡም?»

«አንዳንድ ቦታ አያስገቡም።»

«አንቺ ካልሽ እሺ።»

ልትሄድ ስትነሳ፣ ምን እንደገፋት ሳታውቅ፣ «ደህና ይዋሉ፣ የአጵሎስ እናት» አለቻት። የታቢታ ፊት በራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሬሰላም ሁልጊዜ በዚያ ስም ጠራቻት። ሱሌይማን አንዴ ሲሰማ ቀና ብሎ አያት፤ አልቀለደም።

*

መስከረም አለፈ፣ በቆሎው መድረቅ ጀመረ። በቆሎ መድረሱ የሚታወቀው ፍሬውን ከዛላው ነቅሎ ሥሩን በጥፍር ፋቅ በማድረግ ነው። ጥቁር ነጥብ ካለ እናቱ መመገቧን አቁማለች ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማሳ ላይ የሚቆይበት ምክንያት የለም። ፍሬሰላም ይህን ለገበሬዎቹ ያስተማረችው ራሷ ናት፤ ቶሎ ሰብስቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ቋጥሩ፣ ዋጋ ሲወጣ ሽጡ፤ ትርፉ ያለው እዚያ ነው ብላ። አሁን ግን ፍሬ በነቀለች ቁጥር ኤርሲዶ አጠገቧ ይቆማል።

«ደረሰ?» ይላል።

«ገና ነው» ትለዋለች።

ውሸት አልነበረም፣ ሙሉ በሙሉ። ዙሪያው በሙሉ ቢጫ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ፣ ክቡ ብቻ አረንጓዴ ነበር። የጠገበ አፈር ሰብሉን ያዘገየዋል፤ በመጽሐፍም ያለ ነው። እሷ ግን ከዙሪያው ዛላ ቆርጣ ጥቁሩን ነጥብ ካየች በኋላ፣ ወደ መሐል ትገባና ከክቡ ሌላ ትቆርጣለች፣ ነጩን ሥር ታያለች፣ ታሳየዋለች። ኤርሲዶም አይቶ ይሄዳል። የሚጠይቃት ስለ በቆሎው ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ እንደምታውቅ እሱም ያውቃል። ይህን አንድም ቀን አልተነጋገሩበትም።

ሱሌይማን ተቆጣ፤ በራሱ መንገድ። «ትርፍ ልታሳዪን መጥተሽ ለነቀዝ ልታበዪው ነው? ዋላሂ፣ ወፉ ከኛ ቀድሞ የመስክ ቀኑን አከበረ።» እውነቱን ነበር። ቆሞ የቆየው በቆሎ ጫፉን ነቀዝ ጀምሮታል፣ አንዳንዱም በነፋስ ወድቋል። አጨዳው በዘገየ ቁጥር በመስመር የተዘራው ያተረፈው በየሳምንቱ ይቀንሳል። ታቢታ ደግሞ ደስ ብሏት ትሰነብታለች። ክቡ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ በየቀትሩ ትገባና ትቀመጣለች።

ኅዳር ሲገባ ከጅማ ቢሮ ተደወለላት። የመስክ ቀኑን ሊያዩ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች በረራቸው ተቀይሯል፤ በዓሉ ሐሙስ አራት ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይሁን፣ ገበሬውም ከዚያ ቀደም ብሎ ይሰብሰብ ተባለች። ሰው አይመጣም አለች። ቀበሌው ይቀሰቅሳል አሏት። የዚያን ዕለት ከሰዓት ማሳው ውስጥ ገባች። ከክቡ መሐል፣ ሦስት ዛላ ካለው በቆሎ አጠገብ፣ አንድ ፍሬ ነቀለች። ጥቁር ነጥብ ነበረው። ሌላ ነቀለች። እሱም ነበረው።

ኤርሲዶ ገበያ ሄዶ ነበር። ማታ በስልክ አገኘችው። መጀመሪያ የበቆሎውን ነገረችው።

«ደርሷል፣ ጋሽ ኤርሲዶ።»

«መሐሉም?»

«መሐሉም።»

ከዚያ የሰዓቱን ነገረችው። እንግዶቹ ስለሚቸኩሉ ነው፣ ሰው በማለዳ ይሰበሰባል አለችው።

«ሰው ሁሉ በማለዳ እኔ ቤት ይምጣ ነው የምትዪው?»

«አዎ። ይቅርታ፣ ስለ ሰዓቱ።»

ኔትወርኩ የተቆረጠ መሰላት፤ ሃሎ አለች።

«ይሁን» አለ ኤርሲዶ። «ከደረሰ ይሁን።»

ሰዓቱን ለአጵሎስ እናት ይንገሯቸው ልትለው ነበር። እሱ ዘግቶታል።

*

ረቡዕ ጠዋት ከግልገል ጊቤ ወንዝ የተነሳው ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ይነዳል። አሰንዳቦን እንዳለፉ ከጉሙ ውስጥ ሰዎች መታየት ጀመሩ። ከመንገዱ ዳር በአንድ ረድፍ ይሄዳሉ። ሽማግሌዎች ከፊት፣ ጎልማሶች ከኋላ፣ ሴቶች ተለይተው በስተመጨረሻ። ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። አንድም የሚያወራ የለም።

ፍሬሰላም መጀመሪያ ደስ አላት፤ ሰው መጣ። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ ፊታቸውን አየች። ሄርማታ ልጅ ሳለች፣ ጎረቤታቸው ፈድሊያ ባሏ ከመኪና አደጋ ያልተመለሰ ጊዜ፣ እናቷ እጇን ይዛ ከቤት ያወጣቻት በዚህ ሰዓት፣ በእንዲህ ያለ ሰልፍ ነው። እንዴት እንደጠፋባት አታውቅም። ሾፌሩን ቶሎ በል አለችው። በዚህ ጉም አይቻልም አላት።

ስትደርስ ሰልፉ ቀድሟታል። ታቢታ አመድ ልትደፋ ወጥታ ግቢው መሐል ቆማለች፣ አካፋው በእጇ ነው። ሰዎቹ አጥሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። ሼህ ጅብሪል ከፊት ናቸው። ኤርሲዶ ከቤቱ ጎን ግድግዳውን ተደግፎ ይታያል። ማንም ሰላም አላለም።

«በማለዳ ምን አመጣችሁ?» አለች ታቢታ።

አካፋው ላይ ያለው አመድ ይጨሳል። ታቢታ ዐይኗን ከአንዱ ወደ አንዱ አዛወረች፤ ፍሬሰላም ላይ ሲያርፍ ቆመ።

«አንቺ ንገሪኝ፣ ልጄ። እነዚህን አላምናቸውም። ምን ልታዩ ነው የመጣችሁት?»

«በቆሎውን» አለች ፍሬሰላም። «የመስክ ቀን ነው፣ የአጵሎስ እናት። እንግዶች ስለሚቸኩሉ ሰዓቱ ተለውጦ ነው።»

ከተናገረችው አንድም ውሸት አልነበረም። ታቢታ ትንፋሿን ስታወጣ ትከሻዋ ሲወርድ ታየ። ልታምን ነበር። ወደ ሰዎቹ ዞራ፣ ፈገግ ልትልም ቃጣት፣ ግቡ እንጂ የምትል መሰለች። ከዚያ ቆመች።

«በቆሎ ሊያይ የመጣ ሰው መሬት መሬት ያያል?» አለች።

በቆሎው በቀኛቸው ነበር፣ ከአጥሩ በላይ ቆሞ፣ ደርቆ። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየውም። ሱሌይማን ብቻ፣ ዘግይቶ፣ አንገቱን ወደ ማሳው አዞረ፤ ሲያዞር ግን ዐይኑ ሞልቶ ነበር።

ሼህ ጅብሪል ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ዘቅዝቀው መልሰው ለበሱት። ከዚያ እንደ ሽማግሌ ወግ መሬቱ ላይ ተቀመጡ፣ ተከትሎም ሰው ሁሉ ተቀመጠ።

«የአጵሎስ እናት» አሏት። «ልጅሽን አላህ ወስዶታል። ብዙ ጊዜ ሆነው። እኛ ነን ያቆየንብሽ፤ ባልሽን አትጠይቂው፣ እኛን ጠይቂን።»

ታቢታ አመዱን ከነአካፋው ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ እንዳይፈስ። አልጮኸችም። በሰዎቹ መሐል አልፋ፣ አጥሩን ዞራ፣ ማሳው ውስጥ ገባች። በምሥራቁ በኩል፣ ቢጫና ቀጭን በሆነበት፣ በበሩ ገባች። ከውስጥ የመጀመሪያው ድምፅ እስኪወጣ ድረስ ማንም አልተነሳም። ሲወጣ ሴቶቹ ተነስተው ተከተሏት፤ በቆሎው ሁሉ ይናወጥ ጀመር።

የእንግዶቹ ነጭ መኪና ከጉሙ የወጣው በዚያው መሐል ነው። በጎኑ የፕሮጀክቱ ስም አለ፣ ጣሪያው ላይ የተጠቀለለ ባነር። መስኮቱን ዝቅ ያደረጉት ሰውዬ ሕዝቡ ማሳው አጠገብ በሥርዓት መቀመጡን አይተው ደስ አላቸው፤ ካሜራም ወጣ። ሱሌይማን ሮጦ ሄዶ መኪናውን በእጁ አቆመ። ምን እንዳላቸው ፍሬሰላም አልሰማችም። ካሜራው ተመለሰ። አንደኛዋ እንግዳ ወርዳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጠች፤ ሌሎቹ ወደ ጅማ ተመለሱ።

ፍሬሰላም ወደ ኤርሲዶ ሄደች። ግድግዳውን አልለቀቀም። ለሽማግሌዎቹ የነገርካቸው አንተ ነህ ወይ ልትለው ነበር፤ አንተ ብላው ግን አታውቅም። እሱ ቀደማት።

«በቆሎው ደርሷል አላልሽኝም?» አላት። ወቀሳ አልነበረበትም። እንደሚጠይቃት ነበር የጠየቃት፣ እንደ ሁልጊዜው።

«ብያለሁ» አለች።

*

ማሳውን ያጨደው ጎረቤት ነው። ለቀስተኛ ሳይደርስ መፈልፈል ስላለበት በዚያው ቀን ደቦ ወጡ። ሱሌይማን የመስመሩን ለብቻ፣ የብተናውን ለብቻ እያለ ትንሽ ሮጠ፤ ሚዛኑ መኪና ላይ ነበር። ሰዎቹ አልሰሙትም፤ ሁሉንም አንድ ክምር ላይ ጣሉት። ፍሬሰላም ተወው አለችው። የትኛው ከቤቱ፣ የትኛው ከገመዱ ወዲህ፣ የትኛው ከወዲያ እንደሆነ ከዚያ ክምር የሚለይ ሰው የለም። ቢሮው ቆይቶ ቁጥር ሲጠይቃት አልተመዘነም አለች። ምክንያቱን ስትነግራቸው፣ የሚቀጥለው ዓመት ሌላ አስተናጋጅ ገበሬ ይመረጥ አሏት።

ዘመዶቹ ከሆሳዕና በኩል በሁለት አይሱዙ መጡ። ድንኳን ተተከለ። ጅማ መርካቶ ሱቅ ያለው ሙርሺድ፣ በየዓመቱ የኤርሲዶን በቆሎ የሚገዛው ነጋዴ፣ ለመግዛት ሳይሆን ልቅሶ ለመድረስ መጣ፤ አንድ ኩንታል ስኳር አውርዶ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀመጠ። መዝሙር ነበር፣ ጸሎት ነበር፣ ሼህ ጅብሪልም በየቀኑ ይመጡ ነበር። ታቢታ ከሴቶቹ መሐል ፍራሽ ላይ ናት፤ ድምፅዋ ጠፍቷል። ባሏን አታየውም። እሱም ፊቷ አይመጣም፤ ከድንኳኑ ውጭ እንጨት ይፈልጣል፣ ማንም ሊያስቆመው አልቻለም።

ፍሬሰላም ከሥራ መልስ ትመጣለች፣ ድንኳኑ ዳር ትቀመጣለች። ታቢታ ታናግራት እንደሆነ ትጠብቅ ነበር። አንዴ ብቻ ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ፤ ቀድማ ፊቷን ያዞረችው ታቢታ ናት።

ንፍሮ ይዞራል። ከአዲሱ በቆሎ የተቀቀለ ነው። ከሆሳዕና የመጡት የኤርሲዶ አጎት፣ ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ፣ እፍኙን ይዘው አንዱን ፍሬ በጣታቸው መሐል አዟዟሩት። ትልቅ ነው አሉ። ዘሩ ከየት ነው ብለው ጠየቁ፤ ድንኳኑ ውስጥ ጸጥ ስላለ ጥያቄያቸው ሁሉም ጋ ደረሰ። የመሬታችሁ ነው ወይስ የአዘራራችሁ ብለው ደገሙ። ሱሌይማን ፍሬሰላምን በክንዱ ገፋት።

«ንገሪያቸው እንጂ። ከዛ ድረስ መጥተው።»

ልቅሶ ቤት ውስጥ ስለ ማዳበሪያ ልታወራ አልፈለገችም። ግን ሌሎችም ወደ እሷ ዞረው ነበር፤ ገበሬዎች ናቸው፣ የሚጠይቁት ከልባቸው ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረች። ዘሩ የተመረጠ መሆኑን፣ በብተና ሳይሆን በገመድ በመስመር መዘራቱን ነገረቻቸው። ከመሬቱም እንደሆነ፣ መሐሉ የቤት ቦታ እንደነበረ ልትጨምር ነበር። ሽማግሌው ሳይጠብቋት፣ በመስመርና በመስመር መሐል ምን ያህል ይተዋል አሉ። እጇን ዘርግታ ልታሳይ ስትል ከሴቶቹ በኩል ድምፅ መጣ፤ የተቦጫጨረ፣ የማይሰማ ያህል የሳሳ።

«ሰው ያሳልፋል» አለች ታቢታ። ማንንም አላየችም። «ቅጠሉ ሳይቆርጥህ ታልፋለህ። ብትቀመጥም ይበቃል።»

ሽማግሌው ጆሯቸውን በእጃቸው ደግፈው አዳመጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የያዙትን ንፍሮ አፋቸው ውስጥ ጨምረው፣ ቀስ ብለው እያላመጡ፣ ወደ ፍሬሰላም ዞሩ።

«ማዳበሪያውስ?» አሉ። «መቼ መቼ ነው?»